የባስልኤል ምትክ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስተር ክራምፕ ከቴሌቪዥን ወጥቶ የታምራየሁን በር አንኳኳና የሞተውን ልጅ ሊተካ መምጣቱን ተናገረ። ከቴሌቪዥኑ በየት በኩል እንደወጣ አይታወቅም። የመጣው ግን እንደ ሰው በግቢው በር ነው።

ታምራየሁ ወዲያው ለየው። ነጭ ካናቴራ፣ ቡናማ ሱሪ፣ በአንድ ትከሻ ብቻ የተንጠለጠለ ማንገቻ፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ ሆድ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ በኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ በካናቴራ ደጅ የሚቆም ሰው የለም።

«ግባ» አለው። ወዶ አልነበረም። ደጅ የቆመን ሰው ግባ ሳይሉ ማነጋገር ስላልለመደ ነው።

ሚስተር ክራምፕ ሲገባ ግንባሩ ከበሩ ጉበን ጋር ተጋጨ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ሳቀ።

«እነማን ናቸው?» አለ ታምራየሁ።

«ተመልካቾቼ ናቸው። ድራማው ሲቀረጽ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው የሳቁት። አብዛኞቹ ሞተዋል። የትም ብሄድ ይከተሉኛል።»

አማርኛው አይሰበርም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቴሌቪዥኑ መስታወት ወዲያ ሆኖ የዚህን ሳሎን ወሬ ሲሰማ ነው የተማረው፤ ስለዚህ የሚያውቀው እዚህ ክፍል ውስጥ የተነገረውን ብቻ ነው። ሲበርደው «አቤት! አጥንት ድረስ ገባ» አለ፤ ይህ የታምራየሁ ሚስት የወይንሸት አነጋገር ነው። ሲጠማው «ቡዋ» አለ። ባስልኤል አፍ ሲፈታ ውሃን የሚጠራው እንደዚያ ነበር።

ታምራየሁ ጥርሱን ነከሰ። «ማነው የላከህ?»

«እዚህ ቤት አርባ ሦስት ሰው ‘እግዚአብሔር ይተካልህ’ ብሎሃል። በምን እንደሚተካ ግን አንዳቸውም አልተናገሩም። ካልተነገረ ደግሞ የሚላከው ቅርብ ያለው ነው። ከሶፋው እስከ እኔ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ አባዬ።»

«አባዬ አትበለኝ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

ሁለት መቶው ሰው ሳቀ።

ባስልኤል ከሞተ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። አራት ዓመት ከሰባት ወሩ ነው። ሦስት ቀን አተኮሰው፤ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዘፈዘፈው፤ በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ሳይመሽ ሞተ። ወይንሸት ሲያንዘፈዝፈው የትኩሳት ሽሮፕ ልትገዛ ፋርማሲ ሄዳ ነበር። ታምራየሁ ለቀስተኛው ሲጠይቀው «አጠገቡ ነበርኩ፤ ድንገት ነው» ይል ነበር። አርባ ሦስት ጊዜም ባይሆን ብዙ ጊዜ ብሏል።

ታምራየሁ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። የብረት በርና መስኮት የሚበይድበት ሱቅ አለው። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲጮህበት ውሎ ቤት ሲገባ የሚፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ የሚስተር ክራምፕ ሱሪ ሲወልቅ ማየት። ከአርባ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የተሠራ ድራማ ነው። ሚስተር ክራምፕ አልጋ የሚያከራይበት ቤት አለው። አንዱ የድራማው ክፍል ሃያ ስምንት ደቂቃ ነው፤ በየክፍሉ ከመሰላል ይወድቃል፣ የሴት ተከራዮቹን መታጠቢያ ቤት ተሳስቶ ይከፍታል፣ በመጥበሻ ይመታል፣ ይፈሳል። ታምራየሁ እንግሊዝኛው እምብዛም ነው፤ ለፈስ ግን አስተርጓሚ አያስፈልግም። ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም የሚለውን ተረት አበው ሲናገሩት ቁም ነገር ነው። ሚስተር ክራምፕ ግን ፈሱንም ይዞ ይዘል ነበር፣ በየክፍሉ። ታምራየሁ ለብቻው ሆኖ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ይስቅ ነበር። ያፍርበትም ነበር። ሠራተኞቹ ማታ ምን እንዳየ ሲጠይቁት «ኳስ» ይላል። ወይንሸት የቄስ ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ ድንገት ገብታ የሰውየውን ቂጥ አይታ «ይሄን ብልግና ልጅ ባለበት ቤት?» ካለችው ወዲህ፣ እሷ ከቤት ስትወጣ ጠብቆ ነው የሚከፍተው።

ወይንሸት በአሥራ አንድ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ሚስተር ክራምፕን ትኩር ብላ አየችው።

«ያ ባለጌ አይደለም?»

«ነው» አለ ታምራየሁ።

«ለምን መጣ?»

«በባስልኤል ምትክ።»

ነጠላዋን አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች። «በልቷል?»

«ወይንሸት!»

«ምን ልበልህ? እኔ አልጠራሁትም። የጠራው ይናገር።»

ሽሮ አቀረበችለት። ሦስት ጊዜ ጨመረችለት። በሦስተኛው ላይ የሱሪው ቁልፍ ተፈናጥሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የባስልኤልን ፎቶ መታ። ሁለት መቶው ሰው በጣም ሳቀ፤ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ታምራየሁ ተነስቶ ቁም ሳጥኑን በጡጫ መታው። ሳቁ አልቆመም፤ ሲመታው እንደውም ጨመረ።

ሚስተር ክራምፕ የተኛው በባስልኤል አልጋ ነው። ምትክ የሚተኛው በተተካው አልጋ መሆኑን በትሕትና አስረዳ። ከጉልበቱ በታች ያለው አካሉ ከአልጋው ውጭ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ታምራየሁ ከጓዳ ሲወጣ ሰውየው በባስልኤል አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ሻይ ሲጠጣ አገኘው። ኩባያው ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ ባስልኤል ጥርስ ሲያወጣ የነከሰው።

«አስቀምጠው።»

«የኔ ነው፣ አባዬ።»

«አስቀምጠው ብዬሃለሁ!»

ሚስተር ክራምፕ አስቀመጠው። ታምራየሁ ኩባያውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደገና አጠበው። ከዚያ የጥርሱ ምልክት በእጥበት እንዳይጠፋ ፈርቶ ተወው።

አራት ሰዓት ላይ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽመክት መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እንግዳውን እንደ ተማሪ አስቁመው አዩት።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃምሳ አምስት።»

«ለአራት ዓመት ልጅ ምትክ ትንሽ በዛ» አሉ ጋሽ ሽመክት። «ግን ደንባችን ዕድሜ አይጠቅስም። መጥቀስ ነበረበት፤ የኛ ስንፍና ነው። እንግዲህ ታምራየሁ፣ እሑድ ጉባኤ አለን። የየቤቱ ቤተሰብ ስም የሚታደሰው ያኔ ነው። ‘ባስልኤል ታምራየሁ’ በሚለው ላይ እሱ ይገባል።»

«ስሙ የልጄ ነው።»

«ምትክ ስም ይወርሳል፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ሰው መላ አካሉ ቀልድ ነው! የልጄን ስም ይዞ እየፈሳ ሊዞር ነው?»

«እሱን እኔም አልወደድኩትም» አሉ ጋሽ ሽመክት። «ካልተቀበልክ ይተካልህ ያሉህ ሰዎች ቃላቸውን ያንሱ። እስከ እሑድ ጠዋት ጊዜ አለህ። እኔም ብያለሁ፤ ይኸው አንስቻለሁ። አርባ ሁለት ቀሩህ።»

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የአምስት ሰው ያህል ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ተነስተው እንደሚወጡ ሰዎች። ሚስተር ክራምፕ ወደዚያ ዞሮ አየ። መጀመሪያ የከፋው ያኔ ነው።

ታምራየሁ ሱቁን ዘግቶ በየቤቱ ዞረ። ማንም ደስ ብሎት ቃሉን አላነሳም። አንዱ ምን እንዳለ አያስታውስም፤ ሌላዋ ያለችው «ያጥናህ» ብቻ መሆኑን በማርያም ማለች፤ አንድ ጎረቤት «መርቄህ ልትሰድበኝ መጣህ?» ብሎ በሩን ዘጋበት፤ በሩን የበየደው ራሱ ታምራየሁ ስለነበር የት ቢመታው እንደሚከፈት ያውቃል። ሰውየው ከፈተና ቃሉን አነሳ።

ከሁሉ የከበዱት እትዬ ጥሩሰው ናቸው። በአጥር የሚዋሰኑ ባልቴት ናቸው።

«ምርቃት ይመለሳል እንዴ? ወንፊት መሰለህ?»

«ወንፊቱንም አልመለሱልንም፣ እትዬ።»

«ውይ በሞትኩት! በሐዘን ላይ ሆነህ ወንፊት ትቆጥርብኛለህ?»

«የመጣሁት ለወንፊቱ አይደለም። ‘ልጅ ነው፣ ይተካል’ ብለውኛል። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ነው ያሉኝ። የምን ይተካል ነው? ጎማ ነው? አምፖል ነው? እርስዎ ደብሩን ወልደው ሲያሳድጉ ሌላ መለዋወጫ ይዘው ነበር?»

ደብሩ የእትዬ ጥሩሰው ልጅ ነው፤ በሕይወት አለ። እትዬ ጥሩሰው በደረታቸው ላይ አማተቡ።

«ምን ልበልህ ነበር ታዲያ?» አሉ ቀስ ብለው። «ዝም ልበል?»

«አዎ! ዝም ይበሉ! ዝም ብለው ይቀመጡ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ዝም ቢል ምን ነበረበት?»

ጩኸቱ መንገድ ድረስ ተሰማ። እትዬ ጥሩሰው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ መጀመሪያ ሊያደርጉት የሚገባውን አሁን የሚያደርጉ ይመስላሉ። ከዚያ «አንስቻለሁ» አሉ። ወንፊቱንም አምጥተው ሰጡት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አርባ ሦስቱም ቃላቸውን አንስተው ነበር። ታምራየሁ ወንፊቱን ይዞ ቤት ገባ። ሚስተር ክራምፕ በጣም ከስቷል፤ ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ነው የተቀመጠው። ነገር ግን አልሄደም። ሲያስነጥሰው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንዲት ሴት ብቻዋን ሳቀች። ሳልና ሳቅ የተቀላቀለበት፣ የአሮጊት ሳቅ ነው።

ታምራየሁ ወደ ጋሽ ሽመክት ተመልሶ ሄደ። ጋሽ ሽመክት መነጽራቸውን እየጠረጉ አዳመጡት።

«ሁሉም አነሱ?»

«ሁሉም።»

«ምርቃት ብቻውን አይጸናም። ሲመርቁህ ምን አልክ?»

ታምራየሁ ወደ በሩ ዞረ።

«አሜን ብለሃል» አሉ ጋሽ ሽመክት። «እኔ ስመርቅህ ሰምቼሃለሁ። አርባ ሦስት ጊዜ አሜን ያልከው አንተ ነህ።»

«ጋሼ፣ ሰው ሲመርቅ አሜን ይባላል! ከአፍ ይወጣል እንጂ ማን አስቦ ይለዋል?»

«አንተስ ሳታስብ ነው ያልከው?»

ታምራየሁ መሬት መሬት አየ። አስቦ ነበር ያለው። ይተካልህ ባሉት ቁጥር ያሰበው ልጁን አልነበረም። ያቺን ሃያ ስምንት ደቂቃ ነበር ያሰበው። እሷ ተመልሳ ትምጣለት፣ በሌላ ትተካለት ብሎ ከልቡ አሜን ብሏል።

«አሜን የሚነሳው ያስባለህን ነገር ለሚመለከተው ሰው በመናገር ነው» አሉ ጋሽ ሽመክት። «ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አትንገረኝ።»

ታምራየሁ ወደ ቤቱ የሄደው እየሮጠ ነው። ለወይንሸት ለመናገር አልነበረም። የሰውየውን ማንገቻ ጨምድዶ ከአልጋው ላይ አነሳውና ሳሎን ድረስ ጎትቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ገፋው።

«ውጣልኝ! በመጣህበት ተመለስ! ከዓለም ሰው ሁሉ አንተ? ቁም ነገር ያለው ሰው ጠፍቶ አንተ?»

«ቅርብ ስለነበርኩ ነው» አለ ሚስተር ክራምፕ። ፊቱ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ነበር። «ደግሞም አይቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ከወዲያ ሆኜ አንተን ከፊት አይሃለሁ። እሱን ከጀርባህ።»

ታምራየሁ ለቀቀው። «የት ነበር?»

«የመኝታ ቤቱ በር ላይ። ብርድ ልብሱን እየጎተተ። ሦስት ጊዜ ጠራህ። ሁለት ጊዜ ‘መጣሁ’ አልክ።»

በዚህ አገር ሰው መጣሁ የሚለው ተቀምጦ ነው። ያልመጣ ሰው ብቻ ነው መጣሁ የሚል። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን እንደተባለው ነው የሚያምነው።

«በሦስተኛውስ?» አለ ታምራየሁ።

«በሦስተኛው ሱሪዬ ወለቀ።»

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለችው ሴት አልሳቀችም።

ወይንሸት ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጥቁር ቀሚሷን ትሰፋ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበረች፤ ታምራየሁ አላያትም እንጂ። አሁን አያት።

«ወይንሸት። አጠገቡ አልነበርኩም።»

መርፌዋን አላቆመችም። «የት ነበርክ?»

«እዚህ። ይሄን እያየሁ። ጠራኝ። መጣሁ አልኩት። ዞሬ እንኳ አላየሁትም። ወድቆ ድምፅ ሲሰማኝ ነው የተነሳሁት። እየሳቅኩ ነው የተነሳሁት፣ ወይንሸት። ሳቁ አልቆምልህ አለኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ሽሮፑን ይዤ ስመጣ ሳቅህ ከግቢው በር ይሰማል። ጫማዬን እያወለቅኩ ተመስገን አልኩ። ‘ልጁ ቢሻለው ነው አባቱ የሚስቀው’ አልኩ።»

መርፌዋ ቆመች።

«አሥራ ሦስት ቀን አውቀሽ ዝም አልሽኝ?»

«ራስህ እስክትናገር! ‘አጠገቡ ነበርኩ፣ አጠገቡ ነበርኩ’ ስትል፣ እዚህ ሰው ሁሉ ፊት፣ ምላስህን በዚህ መቀስ ልቆርጠው ነበር። እኔ አንድም ቀን አሜን አላልኩም። ሰምተኸኛል አሜን ስል?»

አልሰማም። በነጠላዋ አፏን ይዛ ስትቀመጥ ለቅሶ መስሎት ነበር።

ወይንሸት መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች፣ ተነሳች፣ በጥፊ መታችው። ከዚያ በግራ እጇ መታችው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለችው ሴት መሳቅ ጀምራ አቋረጠች። አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ፤ ከዚያ ወንበር ተንቋቋ፤ ከዚያ ምንም አልተሰማም።

ሚስተር ክራምፕ ሱሪውን ይዞ ተነሳ።

«እንግዲህ እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ። ሌላ የሚሰናበትበት አማርኛ አልተማረም። ማንም አሜን አላለም። ጉበኑን ጎንበስ ብሎ አለፈና በግቢው በር ወጣ።

ሰዓቱ አሥር ነበር፤ ፀሐይዋ ሳሎኑ መሐል ድረስ ገብታለች።

«ክፈተው» አለች ወይንሸት።

«ምኑን?»

«የዚያን ቀን ያየኸውን። እኔም ልየው።»

«ወይንሸት፣ ተይው።»

«ክፈተው አልኩህ!»

ከፈተው። ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እሱ በሌላው። ድራማው ተጀመረ። ሚስተር ክራምፕ መሰላል ተሸክሞ ወደ ክፍሉ ገባ። ሰው የሚስቅበት ቦታ ደረሰ፤ ማንም አልሳቀም። አዳራሹ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም።

ሱሪው ሊወልቅ ሲል ሚስተር ክራምፕ መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወደ መስታወቱ ቀረበ። ሌሎቹ ተዋንያን መናገር አቆሙ። ሚስተር ክራምፕ ታምራየሁን አላየም፤ ወይንሸትንም አላየም። በትከሻቸው መሐል አሻግሮ፣ ከጀርባቸው ያለውን የመኝታ ቤት በር ነበር የሚያየው፤ ዝቅ አድርጎ፣ ከበሩ እጀታ በታች።

ከዚያ ዓይኑ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከበሩ ተነሳ። ምንጣፉን ተሻገረ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፤ የሚጎትተው ነገር ሲያዝበት እንደሚቆም ሰው። እንደገና ቀጠለ፣ ሶፋውን ዞረ፣ በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ዐረፈና እዚያው ቀረ።

ታምራየሁ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። ወይንሸት ወደ ጎን ሳታይ ትንሽ ፈቀቅ አለችለት።